ሦስት ፊደል የሚያነቡ ልጆች፦ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በከሚሴ



ከሚሴ ውስጥ ብዙ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቁርኣን ቤት ተቀምጠው ሉሕ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የተጻፈውን ዐረብኛ ይለያሉ። አንደኛ ክፍል ሲገቡ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ አፋን ኦሮሞ ማንበብ ይጀምራሉ። አማርኛ ሲመጣ ሀ ሁ ሂ ይከተላል። እንግሊዝኛ ደግሞ ያንኑ የላቲን ፊደል ይዞ፣ ለአንዳንዱ ፊደል ሌላ ድምፅ ሰጥቶ ይመጣል። ሦስት የአጻጻፍ ሥርዓትና አራት ቋንቋ፣ ያውም በልጅነት! የዛሬው ዝግጅት የሚያተኩረው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ክፍል በሚገባው ልጅና በሚጠብቀው የቋንቋ መምህር ላይ ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ቦርከና ወንዝ በሚያጠጣው በጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማም እሷው ናት። ዞኑ ዳዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ደዌ ሐረዋንና ባቲን ያቅፋል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ኦሮሞና ሙስሊም ሲሆን አማራው፣ አርጎባውና አፋሩም እዚያው ይኖራል፣ እዚያው ይነግዳል፣ እዚያው ይጋባል። ሰኞ ባቲ ገበያ ወይም እሁድ ሰንበቴ ገበያ የወጣ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ከቆላ ግመልና ፍየል ነድቶ የመጣው አፋር ከደጋ እህል ጭኖ ከወረደው ገበሬ ጋር የሚከራከረው ሁለቱም በሚግባቡበት ቋንቋ ነው። አንዱ ቋንቋ ካልበቃ መሀል ላይ ሌላ ይቀላቀላል። ገዢና ሻጭ ተግባብተው ዋጋ ይቆርጣሉ።

ገበያው ላይ የቋንቋ ችሎታ የሚለካው ሰው በሚያደርገው ነገር ነው። ትምህርት ቤትስ? የትምህርት ሰዎች «ውጤት ተኮር» የሚሉት አካሄድ መነሻው ይኸው ጥያቄ ነው። መምህሩ ዓመቱን ሙሉ ስንት ምዕራፍ ሸፈነ ሳይሆን ተማሪው በዓመቱ መጨረሻ ምን ማድረግ ቻለ ይላል። አሜሪካዊው ዊልያም ስፔዲ ይህን ሐሳብ በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ነው። በእኛም አገር ሥርዓተ ትምህርቱ ለየክፍሉ «ዝቅተኛ የመማር ብቃት» የሚል ዝርዝር አለው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ አጭር ምንባብ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ ይናገራል፣ የሰማውን ታሪክ በቅደም ተከተል ይተርካል፣ እያለ ይቀጥላል። በወረቀት ላይ ግሩም ነው።

የክፍሉን እውነታ ያሳየው ግን በ2002 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ነበር። በስድስት ቋንቋዎች፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞን ጨምሮ፣ ከ13 ሺህ በላይ ተማሪዎች አንድ በአንድ ተቀምጠው እንዲያነቡ ተደረገ። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በሦስተኛ ክፍልም እንዲሁ 20 በመቶው አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ስማቸው ሲጠራ አቤት ብለዋል፣ ከክፍል ክፍልም ተዛውረዋል። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች እንደገና ተዘጋጁ፣ መምህራንም ሠለጠኑ። ምዘናው ያወጣው ችግር ግን ዛሬም ለብዙ ወላጅ እንግዳ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ መማሩ ለውጤቱ እንቅፋት ሳይሆን መሠረት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥትም ሁሉም ቋንቋዎች በመንግሥት እኩል እውቅና እንዳላቸው ደነገገ። በአማራ ክልል አፋን ኦሮሞ፣ አዊኛና ኽምጣኛ ከአማርኛ ጎን ወደ ክፍል የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶ በ1999 ዓ.ም. የቀረበው ሰፊ ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስምንት ዓመት የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል አገር አቀፍ ምዘና ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከገቡት የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ብልጫው የታየው ደግሞ በቋንቋ ብቻ ሳይሆን በሒሳብና በሳይንስም ጭምር ነበር።

ይህ ሁሉ ለከሚሴ ትርጉም የሚኖረው ግን የቋንቋ መምህራኑ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ነው።

በብዙ ትምህርት ቤት የአፋን ኦሮሞው መምህርና የአማርኛው መምህር ጎን ለጎን ክፍል እያስተማሩ፣ አንዱ የሌላውን ዓመታዊ ዕቅድ ሳያይ ዓመቱ ያልቃል። የእንግሊዝኛው መምህርም እንዲሁ። ልጁ ግን አንድ ነው፤ የሦስቱንም ትምህርት የሚያስታርቀው በአንዱ ጭንቅላቱ ነው። በቁቤ «ኤክስ» የሚባለው ፊደል የ«ጥ» ድምፅ አለው፤ «ሲ» ደግሞ «ጭ» ተብሎ ይነበባል። እንግሊዝኛ ክፍል ገብቶ «ሲክስ» የሚለውን ቃል በቁቤ ሕግ ያነበበ ልጅ «ሲጥ» ይላል። መምህሩ «ተሳስተሃል፣ ቁጭ በል» ቢለው ልጁ ምኑ ላይ እንደተሳሳተ አያውቅም። የተማረውን ሕግ በትክክል ነው የተጠቀመው። «ጎበዝ፣ በአፋን ኦሮሞ ልክ ነህ፣ በእንግሊዝኛ ግን ይህ ፊደል ሌላ ድምፅ አለው» የሚል መምህር ካገኘ ሁለቱንም ሥርዓት በአንድ ደቂቃ ይለያል። ለዚህ የእንግሊዝኛ መምህሩ ቁቤን ማወቅ አለበት፤ ቢያንስ የትኛው ፊደል እንደሚያሳስት ማወቅ አለበት።

ከቁቤ ወደ ፊደል ሲሻገሩም ሌላ መሰናክል አለ። ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። «መጥፎ» ማለት የሆነው «በዳ» እና «ደጋ» ማለት የሆነው «በዳ» በአፋን ኦሮሞ የሚለዩት «ዳ» በመላላቷና በመጥበቋ ነው፤ ቁቤው ይህን በዓይን ያሳያል። የአማርኛ ፊደል ግን ማጥበቅና ማላላቱን ለአንባቢው ይተዋል። «ገና» የሚለው ጽሑፍ በዓሉ ይሁን «አሁንም ያልደረሰ» ማለት ይሁን የሚታወቀው ከዐውዱ ነው። አማርኛን ከእናቱ የሰማ ልጅ ሳያስበው ይለየዋል። አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ የሚማረው የአርጡማ ፉርሲ ልጅ ግን ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ካልሰማው ከወረቀቱ ላይ ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ አማርኛ ለእሱ ከንግግር መጀመር አለበት። ተረት መስማት፣ ማውራት፣ መጠየቅ ይቀድማል፤ ንባቡ ቀጥሎ ይመጣል። ለአፍ መፍቻ ተናጋሪ የተዘጋጀ መጽሐፍ ሰጥቶ «አንብብና መልስ» ማለት ያልተዘራ ማጨድ ነው።

ታሪክም እዚህ ላይ ይረዳል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አምስት ቋንቋዎችን ይዞ ተነሣ፤ በኋላ ቋንቋዎቹ አሥራ አምስት ደረሱ። ኦሮምኛ ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። የኦሮምኛው «በሪሳ» ጋዜጣም ሲጀመር በዚሁ ፊደል ይታተም ነበር። ቁቤ በይፋ የተመረጠው በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ኦሮምኛን በፊደል ያነበቡ አያትና በቁቤ የሚያነብ የልጅ ልጅ ሊገናኙ ይችላሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለቱም ጽፎ የቱ ምን እንደሚያሳይ ማስተያየት ለሰባተኛ ክፍል ግሩም የቋንቋ ትምህርት ይሆናል። ወጪውም ጠመኔ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥነ ጽሑፉ እንምጣ። ውጤት ተኮር ትምህርትን የሚተቹ ሰዎች ሥነ ጽሑፍን በተመለከተ የሚያነሡት ሥጋት ተገቢ ነው። ግጥም የሚሰጠው ስሜት በምን ይለካል? ተረት ሰምቶ ዝም ያለ ልጅ ምን አገኘ ይባላል? ደቡብ አፍሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. ውጤት ተኮር ሥርዓተ ትምህርት ስትጀምር ትልቅ ተስፋ ሰንቃ ነበር፤ በጊዜው አሥራ አንድ የሥራ ቋንቋ ለነበራት፣ ከአፓርታይድ ለወጣች አገር ሁሉን የሚያቅፍ መንገድ መስሎ ታየ። ነገር ግን መምህሩ ብዙ አዲስ ስያሜና ቅጽ ተሸከመ፣ ሥልጠናው አጠረ፣ ለማንበቢያ የሚሆን መጽሐፍም አልበቃም። በ2010 እ.ኤ.አ. መንግሥት አካሄዱን እንደሚተው አስታወቀ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፤ ውጤቱ በቅጽ ስለተጻፈ አይመጣም። መምህሩ በእጁ የሚነበብ ነገር ሊኖረው ይገባል።

የሚነበብና የሚሰማ ነገር ደግሞ በዚህ ዞን ሞልቷል። ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች አንዱ በባቲ ስም ይጠራል። የወሎ መንዙማ በዐረብኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ሲዜም ኖሯል፤ የአገሬውን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል የመጻፍ ልማድ፣ ዐጀሚ የሚባለው፣ በወሎ ዑለማዎች ዘንድ የቆየ ነው። ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር በአማርኛ በደረሷቸው የዐጀሚ ግጥሞች ይታወቃሉ። በዳዋ ጨፋ ተራራ ላይ የተቀመጠችው ጥንታዊቷ ሾንኬ የሼህ ጀውሃር ቢን ሐይደር መንደር ናት፤ የወሎን እስልምና ታሪክ ያጠኑት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ስለ እኚህ ሊቅ ጽፈዋል። ሾንኬና በአቅራቢያዋ ያለችው ጦለሃ የአርጎባ ቋንቋ እስካሁን ከሚነገርባቸው ጥቂት ቦታዎች መካከል ናቸው። የአማርኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው ይህ ቋንቋ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ተጋርጦበታል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ነጻ እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ ያዛል። ስለዚህ መንዙማን ክፍል ማስገባት ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቅኔም እንደዚያው። ጥንቃቄ ማለት ግን መተው ማለት አይደለም። ግጥሙ እንዴት ቤት ይመታል፣ ተቀባዮቹ መቼ ይመልሳሉ፣ አንዱ መሥመር በዐረብኛ ጀምሮ ሌላው በአማርኛ ሲቀጥል አድማጩ ምን ያገኛል የሚለው የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነው። የሰሜን ሸዋ ልጅ ቅኔን፣ የከሚሴ ልጅ መንዙማን በዚህ ዓይን ቢያዩ፣ ቢለዋወጡም፣ ማንም ከእምነቱ አይወጣም።

አንድ የአምስተኛ ክፍል ክፍለ ጊዜ እንመልከት። መምህርቷ ባለፈው ሳምንት «ከቤት አንድ እንቆቅልሽ ይዛችሁ ኑ፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሚያውቁት ቋንቋ ይሁን» ብላለች። ልጆቹ በየቋንቋቸው ይጠይቃሉ። በአፋን ኦሮሞ «ሂቦ» የሚል አለ፣ በአማርኛ «እንቆቅልህ» የሚል አለ። ቀጥሎ ሥራው ይመጣል፤ እያንዳንዱ ልጅ የጓደኛውን እንቆቅልሽ ወደ ሌላው ቋንቋ ይመልሳል። አንዳንዱ እንቆቅልሽ በቀላሉ ይሻገራል። አንዳንዱ ግን ሲተረጎም ቤት መምታቱ ይጠፋል፣ ወይም ፍንጩ ያረፈበት ቃል በሌላው ቋንቋ ሁለት ትርጉም የለውም። ልጆቹ ምን እንደጠፋ ይከራከራሉ፣ የሚተካ ቃል ይፈልጋሉ። ስለ ዘይቤና ስለ ቃላት ምርጫ በመጽሐፍ አምስት ገጽ ያነበበ ልጅ የዚህን ያህል አያውቅም። መምህርቷ የምትመዝነው ግልጽ ነው፤ ልጁ አዳመጠ ወይ፣ በሌላው ቋንቋ በሚገባ አስተላለፈ ወይ፣ ለምርጫው ምክንያት ሰጠ ወይ? ለተከታታይ ምዘናም ይኸው ይመዘገባል። መድብለ ባህላዊነቱ ደግሞ ከሥራው ውስጥ የሚገኝ ነው፤ «የብሔር ብሔረሰቦች ቀን» እስኪደርስ አይጠበቅም።

በዓመት አንድ ቀን የባህል ልብስ ለብሶ መጨፈር መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሥነ ጽሑፉ ግን እዚያ ላይ ከቆመ ልጁ ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው ልብሱን ብቻ ይሆናል። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ራሱ የአንድ ወገን ሥራ አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ አካባቢ ቦዳ የተወለደ፣ ኦሮምኛን ከልጅነቱ የሚያውቅ ባለቅኔ ነበር። «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መድበል ያሳተመው ሰሎሞን ደሬሳ ከወለጋ ነው። በአፋን ኦሮሞም ከኦኔሲሞስ ነሲብና ከአስቴር ገኖ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ጀምሮ እስከ ዘመኑ ልብ ወለድ፣ ለምሳሌ እስከ ዳባ ወየሳ «ጎዳኒሳ» ድረስ የሚነበብ አለ። የከሚሴ ተማሪ የሁለቱንም መደርደሪያ የሚያነብ ሰው ለመሆን ከማንም በላይ ቅርብ ነው። የባሕር ዳር ልጅ ይህን ዕድል በቀላሉ አያገኘውም።

ዕድሉ ግን ዋጋም ተከፍሎበታል። በ2013 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባች ሰሜን ሸዋ አካባቢዎች ግጭት ደርሶ ብዙ ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል። በ2014 መጀመሪያም የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ዘልቋል። በእነዚያ ወራት ወሬ ከመኪና ይፈጥን ነበር። ልጆችም ሰምተዋል። የቋንቋ መምህር ሰላም ማውረድ አይችልም፤ ይህን ከእሱ መጠበቅም ግፍ ነው። የሚችለው ሌላ ነገር ነው፤ «አየሁ»ን ከ«አሉ» መለየት፣ የአንድን ወሬ ምንጭ መጠየቅ፣ አንድን ክስተት ከሁለት ሰው አንደበት ሰምቶ መጻፍ። እነዚህ ለስድስተኛና ለሰባተኛ ክፍል የሚሆኑ፣ የሚመዘኑ የቋንቋ ብቃቶች ናቸው። ከዚህ ዞን ለወጣ ልጅ ከሰዋስው ጥያቄ ያላነሰ ክብደት ሊሰጣቸው ይገባል።

የምዘናው ጉዳይ ሁሉንም ያስራል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚለካውም በወረቀት ላይ ባለ ምርጫ ነው። መምህር የሚፈተነውን እንደሚያስተምር የታወቀ ነው። ስለዚህ ንግግርና ማዳመጥ ፈተና ውስጥ እስካልገቡ ድረስ በዕቅድ ላይ ይጻፋሉ እንጂ ክፍል ውስጥ አይደረጉም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸውና ከእንግሊዝኛ በተጨማሪ ሌላ አንድ የኢትዮጵያ ቋንቋ እንዲማሩ ይፈልጋል። የካቲት 2012 ላይም የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞን ጨምሮ አራት ቋንቋዎች ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ወስኖ ነበር። ሌላው አካባቢ አሁን የሚጀምረውን ከሚሴ ለዓመታት ስትሠራበት ኖራለች። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሁለተኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚሰጥ ለማወቅ መጀመሪያ ሊጠይቃቸው የሚገባው የዚህን ዞን መምህራን ነው።

ከዞኑ ትምህርት ቤቶች የሚጠበቀውስ? ርእሰ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለቋንቋ መምህራን የጋራ ዕቅድ ሊያስቀሩ ይችላሉ፤ አዲስ በጀት አይጠይቅም። በየትምህርት ቤቱ ያለው ሚኒ ሚዲያ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ በሁለት ቋንቋ ቢያሰማ፣ ዜናውን ያዘጋጀው ተማሪ የንግግር ውጤቱ እዚያው ሊያዝለት ይችላል። የጉድኝት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸው ከሽማግሌዎች የቀዱትን ተረትና እንቆቅልሽ በእጅ ጽፈው፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ሾንኬና ጦለሃ ካሉ አረጋውያን የተገኘውን አርጎብኛም ጨምረው ለከሚሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ቢያስረክቡ፣ ዕጩ መምህራኑ ወደ ክፍል ሲመጡ በእጃቸው የሚነበብ የአገር ቤት መጽሐፍ ይኖራቸዋል። ተረቱን የሚያውቁት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነውና ቀረጻው ለሚቀጥለው ዓመት ባይተላለፍ ይመረጣል።